ጥለቱ ወዴት ይዞራል? የዕለት ተዕለት ዕቃዎች ለአነስተኛ የግራፊክ ዲዛይንና የጽሕፈት መሣሪያ ስቱዲዮ እንደ ንድፍ መነሻ

የዚህ አጭር ጽሑፍ መነሻ አንድ የሥራ ስህተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የጽሑፉ አቅራቢ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር አዲስ አበባ ውስጥ በሚያካሂደው አነስተኛ ስቱዲዮ 300 የሠርግ ጥሪ ካርዶች ተዘጋጁ። ካርዱ 15 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ነጭ ወፍራም ወረቀት ሲሆን፣ በላይኛው ጠርዙ ላይ ከአንድ የነጠላ ፎቶግራፍ የተወሰደ ጥለት ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቶበት ነበር። ሙሽሮቹ ናሙናውን በስልክ አይተው ወደውታል። ካርዱን ለመረከብ የመጡት ግን የሙሽራዪቱ እናት ነበሩ። አንዱን አንሥተው ጥቂት ከተመለከቱት በኋላ፣ «ልጆቼ፣ ጥለቱን ለምን ወደ ላይ አደረጋችሁት? እንዲህማ የሚለበሰው ለለቅሶ ነው» አሉ። ካርዱንም ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

የአካባቢ ልዩነት እንዳለ ሆኖ፣ በሐዘን ጊዜ ነጠላ ይዘቀዘቃል፤ ጥለቱ ወደ አንገትና ወደ ትከሻ ይወጣል። በደስታ ጊዜ ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲኬድ ደግሞ መስቀለኛ ይጣፋል። ይህን ከሦስታችን የማያውቅ አልነበረም። ሁላችንም ለቅሶ ቤት ሄደናል፤ እናቶቻችን ነጠላቸውን ሲያዘቀዝቁም እያየን አድገናል። ሆኖም ጥለቱን ከኮምፒውተር ስክሪን ላይ ስናገኘው የምናውቀውን ሁሉ ረስተን እንደ ጌጥ ሪባን ቆጠርነው። ሥራው በስቱዲዮው ወጪ እንደገና ታተመ።

ስለ ንድፍ መነሻ በሚሰጡ ምክሮች ዘንድ «በዙሪያህ ያለውን ተመልከት» የሚለው አባባል የተለመደ ነው። ምክሩ ትክክል ቢሆንም ምን መመልከት እንደሚገባ አይናገርም። በከተማችን በሚገኙ የካርድ ማሳያዎች ፊት የቆመ ሰው የሚያየው አንድ ዓይነት ጥለት፣ አንድ ዓይነት ጀበናና አንድ ዓይነት መስቀል ከካርድ ወደ ካርድ ሲዘዋወር ነው። ዲዛይነሮቹ በዙሪያቸው ያለውን አልተመለከቱም ለማለት አይቻልም፤ ተመልክተዋል፤ የተመለከቱት ግን መልኩን ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው ክርክር አንድ ዕቃ ለስቱዲዮ የሚያበድረው ዋና ነገር የአሠራሩና የአጠቃቀሙ ሥርዓት መሆኑ ነው፤ ማለትም በምን እንደሚሠራ፣ አሠራሩ ምን እንደሚፈቅድና ምን እንደሚከለክል፣ ሰዎችም በየት በኩል እንደሚይዙት። ለማሳያነት ጥለት፣ ስፌትና ፊደል ተመርጠዋል። ማንም እንደ ንድፍ መነሻ የማይቆጥረው ባዶ የማተሚያ ወረቀትም በመካከሉ ይነሣል።

ጥለት በክር ቆጠራ

ሸማኔ ጥለት የሚሠራው በመቁጠር ነው። ድሩ በቁመት ተወጥሯል፤ ማጉ በመወርወሪያ እየተመላለሰ ያልፋል። ባለቀለሙ ክር በሚገባበት ጊዜ ሸማኔው የትኞቹን የድር ክሮች እንደሚያነሣና የትኞቹን እንደሚተው ይቆጥራል። በመሆኑም የጥለት ቅርጽ ሁሉ በትናንሽ አራት ማዕዘኖች የተገነባ ነው። ሰያፍ መስመሩ በቀረበ ዓይን ሲታይ ደረጃ ነው፤ አልማዝ የሚመስለው ቅርጽም ከአራት አቅጣጫ የተገናኘ ደረጃ ነው። ቀለማቱ ጥቂት የሚሆኑትም ያለ ምክንያት አይደለም፤ እያንዳንዱ አዲስ ቀለም አዲስ ክርና ተጨማሪ ጊዜ ይጠይቃል።

የጥለትን ፎቶግራፍ አንሥቶ በሶፍትዌር ወደ መስመር የሚለውጥ ዲዛይነር ሳያስበው ይህን ሁሉ ያጠፋል። ሶፍትዌሩ ደረጃውን እንደ ጉድለት ቆጥሮ ያለሰልሰዋል። ውጤቱ ጥለት የሚመስል፣ ነገር ግን ሸማኔ ሊሠራው የማይችል ቅርጽ ነው፤ ሽሮ ሜዳ ተመላልሶ ሸማ የገዛ ሰው ምክንያቱን መናገር ባይችል እንኳ አንድ ነገር እንደጎደለው ይሰማዋል።

በሁለተኛው ካርዳችን ሥራውን ከቆጠራ ጀመርን። የካርዱን ወርድ 13 ሴንቲ ሜትር አድርገን በ2.5 ሚሊ ሜትር ስንከፍለው 52 ቤት ወጣው። 52 ለ13 ሲካፈል 4 ነው። ስለዚህ 13 ቤት ያለው አንድ ቅርጽ አራት ጊዜ ይደጋገማል፤ ቁጥሩ ጎዶሎ በመሆኑም ሰባተኛው ቤት መካከለኛ ሆኖ ስድስት ስድስት ቤቶች በግራና በቀኝ ይቀራሉ። ቅርጹን በባለአራት ማዕዘን ደብተር ላይ በእርሳስ ለመሙላት ከግማሽ ቀን በላይ አልወሰደም። ከማንም ሸማ ያልተቀዳ ቢሆንም ያየው ሁሉ «ጥለት ነው» ይላል።

ከሸማው የተማርነው ሌላው ነገር የባዶ ቦታን መጠን ነው። ነጠላ ሲዘረጋ ጥለቱ በጫፍ ላይ ያለ ጠባብ ንጣፍ ነው፤ የቀረው ሰፊው ሜዳ ነጭ ነው። የጥለቱ ድምቀት የሚመጣውም ከዚያ ነጭ ሜዳ ነው። በገበያ ላይ ያሉ ብዙ ካርዶች ግን ጥለቱን በአራቱም ጠርዝ ያዞሩታል። ይህ አሠራር ከውበት ጉዳይ ባሻገር የመቁረጫ ማሽን ችግርም አለበት። ካርዶች ተደራርበው ሲቆረጡ ምላጩ አንድ ሚሊ ሜትር ቢያፈነግጥ፣ በጠርዝ ላይ ያለ የሁለት ሚሊ ሜትር መስመር በአንድ ወገን አንድ፣ በሌላው ወገን ሦስት ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ዓይንም ወዲያው ይይዘዋል። ጥለቱ በግርጌ በኩል ብቻ ሆኖ ከታችኛው ጠርዝ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ ሲል ያው ስህተት አይታይም። የመጀመሪያው ካርዳችን ይህም ጉድለት ነበረበት፤ የሙሽራዪቱ እናት ግን ስለ እሱ ምንም አላሉም።

ወረቀቱም ሸማ ነው

እንደገና የማተሙ ወጪ በራሳችን ላይ በመውደቁ ወረቀት መቁጠር ግዴታ ሆነብን። ማተሚያ ቤቱ የሚጠቀምበት ወረቀት 70 በ100 ሴንቲ ሜትር ሆኖ የሚመጣ ሲሆን፣ ለአነስተኛ ማሽን ለሁለት ተቆርጦ 50 በ70 ይሆናል። ለካርዱ በየወገኑ ሦስት ሚሊ ሜትር የመቁረጫ ትርፍ ሲጨመርለት 15 ሴንቲ ሜትሩ 15.6 ይሆናል። ይህ መጠን በ50 ሴንቲ ሜትሩ ወገን ሦስት ጊዜ፣ በ70ው ወገን አራት ጊዜ ይገባል፤ በአንድ ወረቀት 12 ካርድ ማለት ነው። 13 ሴንቲ ሜትር የሆነው ካርድ ከነትርፉ 13.6 ስለሆነ ሦስት ጊዜ በአምስት ይገባል፤ 15 ካርድ ይወጣል። ለማሽን ማስተካከያ የሚባክነው ሳይቆጠር 300 ካርድ በመጀመሪያው መጠን 25 ወረቀት፣ በሁለተኛው 20 ወረቀት ይፈጃል።

ከዚህም በላይ በሁለተኛው አደራደር በ50 ሴንቲ ሜትሩ ወገን ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይተርፋል። ማሽኑ ወረቀቱን የሚይዝበት አንድ ሴንቲ ሜትር ከተቀነሰለት በኋላ፣ በቀረው ላይ 5 በ7 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 12 ትናንሽ የምስጋና ወረቀቶች ይደረደራሉ። ቁራጩ ከታተመ በኋላ የሚታሰብለት ሳይሆን ከመጀመሪያው በአንድ ፕሌት ላይ አብሮ የሚታቀድ መሆን አለበት። ልብስ ሰፊ ጨርቁን ከመቁረጡ በፊት ቁራጩ ለምን እንደሚሆን እንደሚያውቅ ሁሉ ማለት ነው። በ15 ሴንቲ ሜትር ላይ የተጣበቅነው ሌላ ቦታ ያየነው ካርድ እንዲያ ስለነበረ ብቻ ነበር፤ ማንም ደንበኛ ሁለት ሴንቲ ሜትር ጠበበብኝ ብሎ አያውቅም።

ስፌትና ክብ

ክብ የሆነ ሥራ፣ ለምሳሌ የቡና ማሸጊያ ወይም የማር ማሰሮ መለያ ሲታዘዝ፣ ቀላሉ መንገድ ቀጥ ያለ ጥለትን በሶፍትዌር ማጎበጥ ነው። ያን ጊዜ ቅርጹ ወደ ውስጥ ይጨማደዳል፣ ወደ ውጭ ይለጠጣል። መሶብና ሙዳይ ይህን ጥያቄ ከረጅም ጊዜ በፊት ፈትተውታል።

ስፌት ከመሐል ይጀምራል። ስንደዶው እየተጠቀለለ፣ በወስፌ እየተበሳ፣ በአክርማ እየተሰፋ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ቀለም የተነከረው አለላ ደግሞ ቅርጹን ያወጣል። የጥቅልሉ ውፍረት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ እያንዳንዱ ዙር ከቀደመው በ3.1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። የስፌት ባለሙያዋ ይህን በቀመር አታሰላውም፤ ነገር ግን ቅርጹ እየሰፋ መሄዱን ስታይ ከሁለት ነገሮች አንዱን ታደርጋለች፤ ወይ ቅርጹ እንደ ጨረር እንዲሰፋ ትተወዋለች፣ ወይም በመካከል አዲስ ቅርጽ ታስገባለች። መለጠጥ የሚባል ነገር የለም፤ አለላው አይለጠጥምና።

ይህ ሕግ ወደ መለያው ሲተላለፍ እንዲህ ይሆናል። ስድስት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ፣ ዙሪያው 18.8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በመካከለኛው ርቀት ላይ ያለው ዙር የዚህ ግማሽ፣ 9.4 ነው። በውስጠኛው ዙር 8፣ በውጨኛው 16 ቅርጽ ቢቀመጥ እያንዳንዱ ቅርጽ 1.2 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ወርድ ይኖረዋል፤ ሁሉም እኩል፣ ሁሉም ያልተለጠጠ። የተሠራው ሥራ ምስሉን ከመሶብ ባይወስድም መሶብን ያስታውሳል። ለእኔ ከሦስቱ ማሳያዎች በጣም ንጹሑ ይህ ነው፤ ደንበኛውም ስለ መሶብ ሳይነገረው «የእናቴን ቤት ይመስላል» ማለቱን አስታውሳለሁ።

ከብራና እስከ ግድግዳ፦ ፊደል

ቁም ጸሐፊም ሥራውን የሚጀምረው በወስፌ ነው። ብራናውን በዳርና በዳር በስቶ፣ ቀዳዳዎቹን ተከትሎ ቀለም የሌለው መስመር ያሰምራል፤ ፊደሉ ከመጻፉ በፊት ገጹ ተለክቷል። ሁለት ቀለም አለው፤ ጥቁርና ቀይ። በቀይ የሚጻፉት ቅዱሳት ስሞች፣ የምዕራፍ መግቢያዎች፣ ብዙ ጊዜም የመጽሐፉ ባለቤት ስም ናቸው።

ይህ አሠራር ለዛሬው ዲዛይነር የሚፈታው ችግር አለ። ፊደላችን በ33 ሆሄያትና በ7 ቅርጾች 231 ይሆናል፤ ከነዚህ መካከል ግን «ትልቅ ፊደል» የሚባል የለም። አንድን ስም ከሌላው ለመለየት የላቲን ጽሕፈት ካፒታልና ዘማማ ፊደል ይጠቀማል። ብዙዎቻችን የአማርኛውንም ፊደል በሶፍትዌር ወደ ጎን በማዝመም ያንኑ ለማድረግ እንሞክራለን፤ የተዘመመ «ጨ» ወይም «ሐ» ግን ሊወድቅ የተቃረበ አጥር ይመስላል። ጸሐፊዎቹ የቀለም ለውጥ ብቻውን በቂ መሆኑን ያሳያሉ። ለማተሚያ ቤትም ይስማማል፤ በኦፍሴት ኅትመት እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ፕሌት ስለሚያስፈልገው፣ በጥቁርና በቀይ ብቻ የሚታተም ካርድ አራት ፕሌት ሳይሆን ሁለት ይበቃዋል።

ሐረግን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። እንደ ጥለት ሁሉ ሐረግም የተሸመነ የሚመስል ጌጥ ነው፤ ቦታው ግን የገጹ ራስ ነው፤ የንባቡን መጀመሪያ ያበሥራል። ስለዚህ ጌጡ በካርዱ ራስ ላይ እንዲሆን የሚፈልግ ደንበኛ ቢመጣ ጥለትን ማዘቅዘቅ አያስፈልግም። ሐረግ ግን ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር የተቆራኘ በመሆኑ ለሁሉ አይሆንም፤ ለኒካህ ጥሪ ካርድ ሐረግ ያቀረበ ስቱዲዮ የሚገባውን ወቀሳ ያገኛል። ሁለት ተመሳሳይ የሚመስሉ ጌጦች ሁለት የተለያዩ ሕጎች አሏቸው፤ በስክሪን ላይ ግን ሁለቱም በአንድ ማኅደር ውስጥ «ባህላዊ» ተብለው ይቀመጣሉ።

የግዕዝ ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ በኅትመት መጽሐፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ፣ ዮሐንስ ፖትከን ባሳተመው መዝሙረ ዳዊት ነው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ። ወደ ዩኒኮድ ፊደሉ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ተሻግሮ ዛሬ በአነስተኛ ስቱዲዮ ኮምፒውተር ላይ ያሉት ፎንቶች፣ እንደ ኒያላ፣ አቢሲኒካና ኖቶ ያሉት፣ በአብዛኛው ለንባብ የታሰቡ ናቸው። ለርእስና ለስም የሚሆን የራሱ ጠባይ ያለው ፊደል የሚፈልግ ሰው መንገድ ላይ መውጣት አለበት።

በመንገድ ላይ የሚገኘው ደግሞ በእጅ የተጻፈው የሱቅ ምልክት ነው፤ የፀጉር አስተካካዩ፣ የጎሚስታው፣ የልብስ ሰፊው። ለአንድ ሰሌዳ «ተስፋ ጎሚስታ» የሚል ጽሑፍ የታዘዘ ጸሐፊ የቃሉ ርዝመት ከሰሌዳው ጋር ካልተስማማ የፊደሎቹን እግሮች ያራርቃል ወይም ያቀራርባል፤ ሰፊዎቹን «ጠ»ና «ሐ» ጠበብ፣ ቀጭኖቹን «ነ»ና «ተ» ሰፋ ያደርጋል። በብሩሹ ምክንያት ግን የመስመሩ ውፍረት አይለወጥም። ኮምፒውተር ያንኑ ቃል ሲለጥጠው የቆመው መስመር ይወፍርና የተጋደመው እንደነበረ ይቀራል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ በባነር ላይ በሚታተሙት አዳዲስ የሱቅ ምልክቶች ላይ ግን ከመንገድ ማዶ ይታወቃል። ስቱዲዮአችን ከዚህ የወሰደው ሕግ አጭር ነው፤ ፊደል አይለጠጥም፤ እግሩ እንደገና ይሣላል። ሠዓሊው ወሰኔ ኮስሮፍ ፊደልን የሥዕሎቻቸው ዋና ቅርጽ አድርገው እስከማይነበብ ድረስ ሲያፈርሱትና ሲገነቡት፣ ለሥዕል የሚገባ ነጻነት ነው። የጥሪ ካርድ ግን አያት ያለ መነጽር እንዲያነቡት የሚላክ ወረቀት ነው።

የማን ነው?

ከዕለት ተዕለት ዕቃ መማር አንድ የማይመች ጥያቄ ያስነሣል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለአንድ ወጥ ሥራ ጥበቃ ይሰጣል፤ ጥበቃው የሠሪው ዕድሜና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ነው። የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ጉዳይ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ተካቷል። የጥንቱ የጥለት ቅርጽ የማንም የግል ንብረት አይደለም ቢባል ያስኬዳል። ነገር ግን ሽሮ ሜዳ ያለ አንድ ሸማኔ ለዘንድሮ በዓል ያወጣው አዲስ ጥለት አለ፤ ያን በስልክ ፎቶ አንሥቶ ካርድ ላይ አትሞ መሸጥ ከጥንቱ ቅርጽ ጋር አንድ ሊሆን አይችልም። ሸማኔው አዋጁን ጠቅሶ ፍርድ ቤት ይሄዳል ተብሎ አይጠበቅም፤ ይህ ግን ድርጊቱን ትክክል አያደርገውም። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ቅርጹ ከአንድ ከሚታወቅ ሰው ከተወሰደ ፈቃድ ይጠየቃል፣ ይከፈላልም። አሠራሩን መማር ግን የተለየ ነው። ክር መቁጠርን የፈጠረ ሰው ስሙ የለም፤ በራስ ደብተር ላይ እንደ አዲስ የተቆጠረ 13 ቤትም የማንንም እንጀራ አይነካም። ከመልክ ይልቅ ሥርዓትን መውሰድ የሚመረጥበት አንዱ ተጨባጭ ምክንያት ይህ ነው።

ስለ መዝገቡ

ከዚያ ስህተት ወዲህ ስቱዲዮው ተራ የተማሪ ደብተር ይዟል። አንድ ዕቃ ሲመዘገብ ፎቶው የመጨረሻው ነው። ቀድሞ የሚጻፈው ርዝመቱና ወርዱ በሚሊ ሜትር፣ ከምን እንደተሠራ፣ ቅርጹ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም፣ ራሱና ግርጌው የትኛው እንደሆነ፣ መቼ እንደሚያዝና መቼ እንደማይያዝ ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ጥያቄዎች በመመልከት ብቻ መመለስ ስለማይቻል ባለቤቱን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ አብዛኛው ጠቃሚ ነገርም የተገኘው ከእነዚህ ጥያቄዎች ነው። የሠሪው ስም ከታወቀ ይጻፋል። ጊዜ ይወስዳል፤ አንድ ገጽ ለመሙላት አንድ ሰዓት የፈጀበት ቀን አለ፤ ሥራ በሚበዛበት የሠርግ ወራት ደብተሩ ተዘግቶ ይከርማል።

ለድኅረ ምረቃ ተማሪ የሚሆን ሥራ የቀረው በተለይ በሱቅ ምልክቶች ላይ ይመስለኛል። በመርካቶና በፒያሳ ያሉ በእጅ የተጻፉ ሰሌዳዎች ሲነሡ በባነር ይተካሉ፤ የወረደው ሰሌዳ ደግሞ ለአጥር ወይም ለጣሪያ ይሆናል። ፎቶ ማንሣቱ ብቻውን አይበቃም። ከሰሌዳው አጠገብ መለኪያ ተይዞ መነሣት፣ የብሩሹ ወርድ መገመት፣ ጸሐፊው ካለ መጠየቅ፣ በተቻለ መጠንም በፊታችን አንድ ቃል እንዲጽፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ የእጁ ቅደም ተከተል፣ የትኛው እግር ቀድሞ እንደሚሣል፣ ከደረቀ ሰሌዳ ላይ አይነበብምና።